ያለ ቪዛ የገቡት ዓሦች

እስራኤል ዘመድ ያላችሁ ይህቺን ታውቋታላችሁ። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ወደ አሽዶድ ወይም ወደ አሽቀሎን ደውላችሁ «ባሕር ዳር አልወጣችሁም እንዴ?» ብትሉ፣ «ኧረ ሜዱዛው መጥቷል!» የሚል መልስ ነው የሚጠብቃችሁ። ሜዱዛ እኛ ጄሊፊሽ የምንለው ነው። ጃንጥላ ይመስላል፣ አጥንት የለውም፣ ነጭና ለስላሳ ነው። ውበቱን አይታችሁ ከተጠጋችሁት ግን እንደ ሳማ ይለበልባችኋል። ሳማ ይሻላል የሚሉም አሉ።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ይኸው ፍጥረት ሀዴራ ከተማ የሚገኘውን ትልቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ክፉኛ አስቸግሮት ነበር። ማመንጫው ማሽኖቹን የሚያቀዘቅዘው ከባሕር በሚስበው ውሃ ነው። የውሃ መሳቢያው በሜዱዛ ተደፈነ፤ ሠራተኞች ከማጣሪያው ላይ በቶን እየዛቁ ሲያወጡ የሚያሳዩ ፎቶዎች ዓለምን ዞሩ።

አስገራሚው ነገር ይህ ሜዱዛ የሜዲትራኒያን ልጅ አለመሆኑ ነው። የመጣው ከእኛው ሰፈር፣ ከቀይ ባሕርና ከህንድ ውቅያኖስ ወገን ነው። በሜዲትራኒያን መታየት የጀመረው በ1970ዎቹ ሲሆን ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በየበጋው በመንጋ ይመጣል። ሳይንቲስቶች በ1990 «ሮፒሌማ ኖማዲካ» የሚል ስም አወጡለት፤ «ኖማዲካ» ዘላን ማለት ነው። በሀገሩ ስም ሳይወጣለት በስደት ሀገሩ ተጠመቀ ማለት ይቻላል።

ታዲያ በየት በኩል ገባ? ማን በሩን ከፈተለት? ሲገባስ ማን አየው? የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ቀን

ኅዳር 17 ቀን 1869 የስዊዝ ቦይ ተመረቀ። ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ለ10 ዓመት ያስቆፈረው 164 ኪሎ ሜትር ቦይ ሁለት ባሕሮችን አገናኘ። የፈረንሳይ ንግሥት ኢውጂኒ በመርከቧ ከፊት ከፊት ሄደች፤ የግብጹ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል በብድር ገንዘብ ለአውሮፓ መኳንንት ድግስ ደገሰ።

ከዚህ ድግስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 15 ቀን 1869፣ ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ አሰብ ላይ ከአካባቢው ሱልጣኖች ጋር የመሬት ግዢ ውል ተፈራረመ። ሩባቲኖ ለተባለው የመርከብ ኩባንያ ነበር የገዛው። ይህ እንዲያው የተገጣጠመ ነገር አይደለም። ቦዩ ሲከፈት ቀይ ባሕር ከጓሮ መንገድነት ወደ ዋና አውራ ጎዳናነት ተቀየረ፤ በአውራ ጎዳና ዳር ደግሞ ሱቅ መክፈት የሚፈልግ አይጠፋም። ሱቁ በ1882 የጣሊያን መንግሥት ንብረት ሆነ፤ በ1885 ምጽዋ ተያዘች፤ በ1896 አድዋ ላይ ምን እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

እስማኤልም ዕዳው አላስተኛውም። ኅዳር 1875 ጦሩ ጉንደት ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ሲደመሰስ፣ በዚያው ወር ካይሮ ላይ የቦዩን አክሲዮን ለእንግሊዝ መንግሥት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። የአፍሪካ ቀንድ የመቶ ዓመት ታሪክ በዚህ ቦይ በኩል እንዳለፈ የታሪክ መምህሮቻችን ነግረውናል። ያልነገሩን ነገር ቢኖር፣ ከመርከቦቹ ሥር ሌላ ጸጥ ያለ ጉዞ መጀመሩን ነው።

ሁለቱ ዘበኞች

ሰዎች ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ይፈሩ የነበረው ሌላ ነገር ነበር። የናፖሊዮን መሐንዲሶች በ1799 ለክተው ቀይ ባሕር ከሜዲትራኒያን ወደ 10 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል አሉ፤ ቦይ ቢቆፈር ጎርፍ ይሆናል የሚል ስጋት ነገሠ። ስሌቱ ስሕተት ነበር። ባሕሮቹ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የጎርፉ ስጋት ቀረ፤ ስለ ዓሦቹ ግን የተጨነቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

ነገሩ ዓሦቹ ወዲያው ማለፍ አልቻሉም ነበር። በሩ ላይ ሁለት ዘበኞች ቆመዋል።

የመጀመሪያው ዘበኛ ጨው ነው። ቦዩ መሃል ላይ «መራራ ሐይቆች» የሚባል ቦታ አለ። ቦዩ ከመድረሱ በፊት ሐይቅም አልነበረም፤ የደረቀ ጉድጓድ ሲሆን ወለሉ ላይ ወደ 13 ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው ጨው ተጋግሮበታል። የአፋርን አሞሌ አስቡት፤ ሀገር የሚያህል አሞሌ። ውሃ ሲለቀቅበት ጨው መሟሟት ጀመረና ሐይቁ ከባሕር እጅግ የበለጠ ጨዋማ ሆነ። ብዙው የባሕር እንስሳ ያንን ተሻግሮ በሕይወት መውጣት አይችልም።

ሁለተኛው ዘበኛ የእኛው ሰው ነው፦ ዓባይ። ከናይል ውሃ 85 ከመቶ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ከፍታዎች እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። የክረምቱ ሙላት ከጎጃምና ከወሎ አፈር ጠርጎ ሜዲትራኒያን ሲደርስ፣ የባሕሩ ሞገድ ያንን ጣፋጭ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይጎትተዋል። እዚያ ያለው ደግሞ ፖርት ሰይድ፣ የቦዩ አፍ ነው። ጨው የለመደ የቀይ ባሕር እንስሳ የመጀመሪያውን ዘበኛ ቢያልፍ እንኳ ሲወጣ የሚጠብቀው ጨው የሳሳበት ውሃ ነበር።

መዝጋቢዎቹ

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። አንድ እንግዳ ሰፈር መግባቱን ለማወቅ መጀመሪያ ነዋሪው ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። መዝገብ የሌለው ቀበሌ ማን ገባ ማን ወጣ ሊል አይችልም።

የቀይ ባሕርን መዝገብ ከጀመሩት አንዱ ፒተር ፎርስኮል የተባለ ወጣት የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። በ1761 የዴንማርክ ንጉሥ ከላከው የጥናት ቡድን ጋር ወደ ግብጽና ወደ የመን መጣ። ዓሣ ለቀመ፣ አደረቀ፣ ጻፈ። በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ፤ ገና 31 ዓመቱ ነበር። ከጓዶቹ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የጓደኛውን ማስታወሻ ይዞ ሄዶ በ1775 አሳተመው። ቦዩ ከመቆፈሩ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ቀይ ባሕር ውስጥ ማን ይኖር እንደነበር ዛሬ የምናውቀው በከፊል በዚህ ሟች ማስታወሻ ነው።

በ1865፣ ቦዩ ገና ሲቆፈር፣ ሌዮን ቫያን የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ተመራማሪ ብድግ ብሎ «ይህ መሬት ሲቆረጥ የሁለቱ ባሕር እንስሳት መቀላቀላቸው አይቀርም፤ አሁኑኑ እንመዝግብ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሰሚ አላገኘም ማለት ይቻላል። ለድግሱ ገንዘብ ነበር፤ ለቆጠራው ግን አልነበረም።

ቦዩ በተከፈተ በ13 ዓመቱ፣ በ1882፣ አንድ የስዊዘርላንድ ሰው መጣ። ስሙ ኮንራድ ኬለር ነው። በቦዩ ዳርቻ እየተጓዘ ከየትኛው ባሕር የትኛው እንስሳ ምን ያህል እንደገፋ መዘገበ። በዚህ ስም ላይ ቆም በሉልኝ። ይህ ኬለር በ1918 የአንድ ሌላ የስዊዘርላንድ ሰው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ጽፏል። የመጽሐፉ ባለታሪክ አልፍሬድ ኢልግ ነው፤ በ1879 ሸዋ መጥቶ የምኒልክ መሐንዲስ፣ በኋላም አማካሪ የሆነው፣ የባቡር ሐዲዱ ሐሳብ ጠንሳሽ ኢልግ። የቀይ ባሕርን ዓሦች ጉዞ ከመዘገቡት ቀዳሚ ሰዎች አንዱና የኢልግን ታሪክ የጻፈልን ሰው አንድ ናቸው። ዓለም ጠባብ ናት የሚባለው ለዚህ ነው።

በ1902 ቲሊየር የተባለ ፈረንሳዊ የቦዩን ዓሦች ዝርዝር ሲያወጣ፣ ጣት የምታክል ብርማ የቀይ ባሕር ዓሣ ሜዲትራኒያን መድረሷን ጻፈ። የቦዩን በር አልፋ የተመዘገበች የመጀመሪያዋ ዓሣ እሷ ናት። 33 ዓመት ፈጅቶባታል። በ1924 ደግሞ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቡድን መጥቶ ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸው። ያኔ መራራ ሐይቆች ጨዋቸው እየቀነሰ ነበር። የመጀመሪያው ዘበኛ እያረጀ ነው።

ዘበኞቹ ሲሄዱ

ጨው ዘላለም አይሟሟም። ከአሥርት ዓመታት በኋላ የሐይቁ ወለል ታጠበ፤ ውሃውም ቀስ በቀስ ወደ ቀይ ባሕር ጨዋማነት ተጠጋ። መርከቦች ሲተልቁ ቦዩም ተደጋግሞ ሰፋ፣ ጠለቀ። ሲከፈት 8 ሜትር ጥልቀት የነበረው ዛሬ 24 ሜትር ደርሷል።

ሁለተኛው ዘበኛ በአንድ ጊዜ ነው የተነሣው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1964 ውሃ መያዝ ጀመረ፣ በ1970 ተጠናቀቀ። የክረምቱ ሙላት ሜዲትራኒያን መድረሱ ቆመ። መጀመሪያ የተጎዱት የግብጽ ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። በየዓመቱ ሙላቱን ተከትሎ ይመጣ የነበረው ሰርዲን በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን ይወጣ ነበር፤ በአሥርቱ ዓመት መጨረሻ ወደ ጥቂት መቶ ቶን ወረደ። ለካ ያ ሰርዲን ይመገብ የነበረው የእኛ አፈር ካበለጸገው ውሃ ነበር። ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ያ የጣፋጭ ውሃ አጥር መነሣቱ ለቀይ ባሕር እንግዶችም መንገዱን አቀለለው። (ይህን የምለው የግድብ ክርክር ውስጥ ለመግባት አይደለም። አንድ ወንዝ ሲነካ ነገሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ለማሳየት ነው።) በቅርብ አሥርት ዓመታት ደግሞ የሜዲትራኒያን ውሃ እየሞቀ መጣ። ሙቅ ባሕር ለለመደ እንግዳ ከዚህ የበለጠ ግብዣ የለም።

ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ቦዩ ለ8 ዓመት ተዘጋ። 14 የንግድ መርከቦች መራራ ሐይቅ ላይ ታግተው የበረሃ አሸዋ ለብሰው ቀሩ። ጦርነት ለማንም አይበጅም፤ ለሳይንስ ግን ጊዜ ሰጠው። የኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም ከ1967 እስከ 1973 የጋራ ጥናት አካሄዱ። ከዚያ ሥራ ሰዎች አንዱ የሆኑት ፍራንሲስ ዶቭ ፖር በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ጉዞ «የሌሴፕስ ስደት» ብለው ጠሩት። ሌሴፕስ ለቦዩ እንጂ ለዓሣ ስደት ስሙ እንደሚጠራ አስቦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እነማን ገቡ?

ዛሬ በቦዩ በኩል ሜዲትራኒያን የገቡ የባሕር ፍጥረታት በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ዓሦቹ ብቻ ከ100 ይበልጣሉ። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም።

አንዳንዶቹ የዓሣ አስጋሪውን ቤት ሞልተዋል። ከቀይ ባሕር የመጡ ሽሪምፖችና ቀያይ ዓሦች በእስራኤል፣ በሊባኖስና በቱርክ ገበያ በደህና ዋጋ ይሸጣሉ። እነሱን ማንም «ውጡልን» አላላቸውም።

ፎርስኮል መዝግቧት የነበረችው ጥንቸል ዓሣ በ1920ዎቹ ገባች። ትበላለች፣ ትጣፍጣለች። ችግሩ እሷም በላተኛ መሆኗ ነው። በቱርክ ደቡባዊ ዳርቻ ድንጋዩን የሸፈነውን አልጌ ልክ ፍየል ተራራ እንደምትግጥ ጋጠችው። አልጌው ውስጥ ይራቡ የነበሩ ሌሎች ዓሦች ቤት አጡ።

ከዚያ ደግሞ ነፊው ዓሣ አለ፤ ሲናደድ እንደ ኳስ የሚነፋው። በ2003 ቱርክ ውስጥ ታየ፤ በጥቂት ዓመታት ምሥራቅ ሜዲትራኒያንን አዳረሰ። ሥጋው ውስጥ ያለው መርዝ በመጥበስም በመቀቀልም አይጠፋም። እስራኤል ውስጥ ከ2005 እስከ 2008 ባለው ጊዜ 13 ሰዎች በልተውት ተመርዘው ሐኪም ቤት ገብተዋል። ሰዎቹ ምን ያጠፉት ነገር አለ? መረባቸው ያወጣውን ዓሣ ጠብሰው በሉ። ስለ ዓሣው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ወሬው ግን ወጥ ቤት አልደረሰም። ቱርክ ከ2020 ጀምሮ የዚህን ዓሣ ጭራ ቆርጦ ለሚያመጣ አስጋሪ በጭራ ገንዘብ መክፈል ጀመረች።

አንበሳ ዓሣም አለ። በ1991 አንዱ ታይቶ ጠፋ፤ ሰው ረሳው። በ2012 ሲመለስ ግን ብቻውን አልነበረም። ቆጵሮስ ላይ አሁን ጠላቂዎች እየተሰባሰቡ ያድኑታል፣ ምግብ ቤቶችም ያቀርቡታል።

የስድስት ወር ልዩነት

ይህ ሁሉ የሚታወቀው እንዴት ነው? መሣሪያው አንዳንዴ በጣም ተራ ነው። አንድ አስጋሪ የማያውቀውን ዓሣ ያወጣል፣ በሞባይል ፎቶ ያነሣል፣ ለተመራማሪ ይልካል። መቀመጫውን ሞናኮ ያደረገው የሜዲትራኒያን ሳይንስ ኮሚሽን ከ2002 ጀምሮ የባዕድ ዝርያዎች አትላስ አሳትሟል፦ ማን፣ መቼ፣ የት እንደታየ በካርታ። ዛሬ ደግሞ አንድ ጠርሙስ የባሕር ውሃ ቀድቶ በውስጡ ከተራገፈው ዲ.ኤን.ኤ. ማን በዚያ እንዳለፈ መለየት ይቻላል።

መቁጠር ምን ይጠቅማል የሚል ካለ አንድ ከሩቅ የመጣ ምሳሌ ልስጠው። በ1999 በሰሜን አውስትራሊያ ዳርዊን ከተማ ጠላቂ ተመራማሪዎች የመዝናኛ ጀልባዎች በሚቆሙበት ወደብ ውስጥ ከመካከለኛው አሜሪካ የመነጨች ትንሽ ባለ ዛጎል እንስሳ ድንጋዩን ሁሉ ሸፍና አገኟት። ከ6 ወር በፊት እዚያው ሲፈትሹ አልነበረችም! አዲስ መሆኗን ያወቁት የ6 ወር በፊቱ መዝገብ እጃቸው ላይ ስለነበረ ነው። መንግሥት ወዲያው ወደቦቹን ዘጋ፣ ውሃው ውስጥ ክሎሪንና መዳብ ነክ ኬሚካል ጨመረ፣ ከዚያ የወጡ ጀልባዎችን አሳዶ ፈተሸ። በሳምንታት ውስጥ አለቀች። ባሕር ውስጥ የገባ ወራሪን ጨርሶ ማጥፋት ከተቻለባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

ሜዲትራኒያን ላይ ይህ ዕድል የለም። ለማጥፋት ዘግይቷል፤ የቀረው ማወቅ፣ ማስጠንቀቅና መቀነስ ነው። በ2015 ግብጽ 35 ኪሎ ሜትር አዲስ መስመር ጨምራ ቦዩን ስታስፋ፣ ቤላ ጋሊልን የመሰሉ ተመራማሪዎች ከብዙ ሀገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው «ቢያንስ የጨዉን ዘበኛ መልሱልን» ብለው ጮኹ፤ መሃሉ ላይ እንደ ድሮው ጨዋማ ውሃ ያለበት ክፍል ይሠራ ማለታቸው ነው። 150 ዓመት ዞረን ዞረን ቫያን ጋ ተመለስን።

ባሕር የለንም፣ ግን...

«ታዲያ ባሕር ለሌላት ሀገር ልጅ ይህ ምኑ ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። መልሴ አንድ ቃል ነው፦ እምቦጭ።

እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ላይ መታየቱ በ1965 ተመዝግቧል። ጣና ላይ መገኘቱ የተረጋገጠው በ2011 ነው። በመካከሉ 46 ዓመት አለ። ልብ በሉ፤ ቲሊየር ዓሣዋን ለማየት ከጠበቀው 33 ዓመት ይረዝማል። ተክሉን እናውቀው ነበር፣ የሚያደርገውን እናውቅ ነበር። ጣና ዳር ቆሞ የመጀመሪያዋን ቡቃያ «ይቺ አዲስ ናት» ብሎ የሚነቅልና የሚጽፍ ሰው ግን አልነበረንም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አይታችኋል፦ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ሀገር ገንዘብ ሲያዋጣ፣ ማሽን ሲመጣ፣ ማሽን ሲበላሽ። ዳርዊን ላይ ጠላቂዎችና መዝገብ ቀድመው ነበሩ፤ እኛ ጋ መዋጮው ቀደመ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስለ ቃል። በአማርኛ እነዚህን ፍጥረታት «መጤ ዝርያ» እንላቸዋለን። ቃሉን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። «መጤ» የሚለው ቃል በሀገራችን ሰው ላይ ምን እንደሠራ የምናውቅ ነንና። ሳይንሱ ግን ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። «እንግዳ» እና «ወራሪ» ለእሱ አንድ አይደሉም። በርበሬ መጤ ነው፤ በቆሎ፣ ድንችና ቲማቲም ሁሉም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። ያለ በርበሬ ዶሮ ወጥ ይታሰባችኋል? መዝጋቢው ሥራው የመጣውን ሁሉ ማባረር አይደለም። ማን እንደመጣ ማወቅ፣ ምን እንደሚሠራ መከታተል፣ የሚጎዳውን ከማይጎዳው መለየት ነው። ደግሞ ዓሣው ምን ጥፋት አለበት? በሩን የቆፈርነው እኛ ሰዎች ነን።

ፎርስኮል በ31 ዓመቱ ሲሞት ማስታወሻው ለማን እንደሚጠቅም አላወቀም። ከ240 ዓመት በኋላ ቱርክ ዳርቻ ላይ ቆማ አልጌ የምትግጠዋን ዓሣ «አንቺን እናውቅሻለን፣ የቀይ ባሕር ልጅ ነሽ» ለማለት ያስቻለው እሱ ነው። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ጣና ዳር የምታድጉ፣ ጫሞና ዝዋይ ዳር የምትኖሩ፦ ደብተርና እስክሪብቶ ርካሽ ነው፣ ሞባይላችሁም ካሜራ አለው። ነገ የማታውቁት ቅጠል ወይም ዓሣ ካያችሁ ቀኑንና ቦታውን ጻፉት።

ቸር ወሬ ያሰማን።